ቀና የማይለው ታካሚ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ከመላው ቤተሰብ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? እዚያ ብርዱ ሊጀምር ነው ብለው ነበር፤ ሙቀትና ሰላም አይለይዎ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከስፌት መኪናው ጋር እየተነታረከ ይውላል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል።

ይህን በስልክ ያልጠየቅሁዎት ስልኩ ያለው አባዬ ሱቅ ስለሆነ ነው። የሆስፒታል ጉዳይ ደንበኛ ፊት ማውራት አልወድም። እንደሚያውቁት አብሮኝ ይሠራ የነበረው አንጋፋው ራጅ አንሺ ተዛውሮ ሄደ። ክፍሉ ለእኔ ብቻ ቀረ። እግር የተሰበረ ወይም ሳል የጠናበት ሲመጣ አልቸገርም። ሰሞኑን ግን አንድ ሰው መላ አሳጣኝ።

ዕድሜው ወደ ስድሳ እየተጠጋ ነው። ጀርባው ደርቆ ጎብጧል፤ አገጩ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሲያነጋግሩት ከቅንድቡ ሥር ሽቅብ ነው የሚያየው። ጣቶቹ እየደነዘዙ ስላስቸገሩት ሐኪሙ የአንገት ራጅ አዘዘለት። ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ሳስተኛው ጭንቅላቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔም ግራ ሲገባኝ ትከሻውን ቀስ ብዬ ጫን አልኩት። ጮኸ። አጎቴ፣ ጩኸቱ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ፣ «ተይው በቃ፣ ይቅርብኝ» ብሎኝ ወጣ።

ያስተማሩን ሁሉ ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ ሰው ነው። እርስዎ እዚያ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ያላነሱት ዓይነት ሰው የለም። እባክዎ እንዴት እንደማደርግ ይጻፉልኝ። ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው የምጠብቅዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 3

ይድረስ ለቅብጥብጧ የወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። አንቺም እናት አባትሽም ሰላማችሁ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ያለው ችግር ብርድና የአውቶቡስ ወረፋ ብቻ ነው።

ወደ ሰውየሽ ልግባ። በመጀመሪያ ጠረጴዛውን እርሺው። አልጋው ላይ መዘርጋት ያቃተውን ሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው ብሎ ያዘዘሽ ማነው? እሱ በሚመቸው ቅርጽ ይቀመጥ፤ የምትንቀሳቀሱት አንቺና ማሽኑ ናችሁ። መደገፊያ በሌለው ዱካ ላይ አስቀምጪውና ጎኑን ለግድግዳ ይስጥ። ፊልሙ ያለበትን ካሴት ከትከሻው አጠገብ አቁሚው። የማሽኑ ራስ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጎን እንዲያይ አድርገሽ አዙሪው። አንገቱ የሚያጎነብስ ከሆነ ካሴቱንም አብረሽ አጋድሚው። ጉልበቱ ላይ ትራስ አስቀምጪለትና ክንዶቹን ያሳርፍበት፤ ካልተደገፈ ይንቀጠቀጣል፣ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ፊልሙ ይደበዝዛል።

ጠዋት እንዳትጠሪው። እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ አንድ ግንድ ነው። ካልሲውን ሊያጠልቅ ሲል እግሩ ሌላ ሰፈር ያለ ይመስለዋል። ማስነጠስ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚይዘው ግድግዳ ይፈልጋል። ሰው ከኋላው ሲጠራው አንገቱን ሳይሆን መላ አካሉን ነው የሚያዞረው፤ ያኔ ሰዉ ኩሩ ነው ይለዋል። ረፈድፈድ ሲል ትንሽ ለቀቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ አንሺው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን የፈራበት ጊዜ አለ? እንዲህ ጀርባ የሚያደርቅ በሽታ ዓይንንም ይነካል። ሥራውስ ምንድን ነው? ለወንድም ጋሼ ትንሽ እንዲያርፍ ንገሪልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 29

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ቸሩን ሁሉ እየተመኘሁልዎ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እጅዎ ይባረክ! ተሳካልኝ።

ሰውየውን ለምኜ መለስኩት። «ዛሬ ማንም አይነካዎትም» ስለው፣ «ሳትነኪኝ ልታነሺኝ ነው? ፎቶ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አለኝ። እንዳሉኝ ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፤ ትራስ ሰጠሁት፤ ጨረር የሚከለክለውን ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ሳለብሰው፣ «ይሄ ልብስ የተሰፋው በዶማ ነው» ብሎ ቀለደ። ትንፋሹን ያዘ፣ አነሳሁት። ከጨለማው ክፍል ይዤው ስወጣ የአንገቱ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቀው እንደ ቀርከሃ ሆነው ታዩ። ሐኪሙም በሽታውን ወዲያው ለየው፤ የጀርባ አጥንትን እያጣበቀ የሚያደርቅ ነው።

ስለ ካልሲው ያሉትን ስነግረው ጫማውን ማጥለቁን ተወ። ቆይቶ፣ «ይህን የነገረሽ ሰው ራሱ ታሞ ያውቃል እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ብዙ ስላነሳ ነው» ብዬ መለስኩለት።

ግን ሙሉ በሙሉ አልሆነልኝም። ከታች ያሉት ሁለቱ የአንገት አጥንቶች በትከሻው ተከልለው ነጭ ሆነው ቀሩ። ትከሻውን ልጎትተው ፈራሁ። የደነዘዙት ጣቶች ጉዳይ ደግሞ ያለው እዚያው ላይ ነው ይላል ሐኪሙ። እንዴት ላድርግ?

ዓይኑን ላሉኝ፣ አዎ፣ ከዓመታት በፊት በተደጋጋሚ ይቀላበት ነበር። ሥራው ተቀምጦ የሚሠራ ነው። እርስዎስ ሥራው እንዴት ይዞዎታል? ስለራስዎ ምንም አልጻፉልኝም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 8

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ነገር በዝቶብኝ ነው። ጽሑፌ ከተንጋደደ ወንበሩ ነው፤ አልመች ብሎኛል።

ትከሻ ሲጋርድሽ ሁለቱን ትከሻዎች አለያዪያቸው። ዋናተኛ አይተሻል? አንድ እጁን ወደ ላይ ሲሰድ ሌላውን ወደ ኋላ ይስባል። ለካሴቱ የሚቀርበውን ክንድ ወደ ላይ ያንሳና እጁን ግድግዳው ላይ ያሳርፍ፤ የራቀው ወደ ታች ይውረድ። ያኔ አንዱ ትከሻ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይሆንልሽና ጨረሩ በመሀል ያልፋል። ክንዱን ማንሳት ካቃተው አትጫኚው። ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማለያየቱም ይበቃል፤ ጨረሩን ብቻ ጠንከር አድርጊው። የሚችለውን እሱ ራሱ ያሳይሽ። የማይችለውን ደግሞ ማሽኑ ይቻለው።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ ሳትዋሺ መልሺልኝ። ሽርጡ በዶማ ነው የተሰፋው ያለው ታካሚ ልብስ ሰፊ ነው? ይህን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አውቶቡስ ላይ ሳነብ መውረጃዬን አለፍኩ። እንዲህ ብሎ የሚቀልድ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

አይደለም ካልሽኝ አምንሻለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ ብቻ።

አጎትሽ


የካቲት 28

ይድረስ ለአጎቴ፣

አምላክ በደህና ያቆይዎ። ይህን የምጽፈው ከራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነው፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

አዎ፣ አባዬ ነው። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር። «ትንሹ ይህን ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ አርፎ ይሥራበት» አለኝ። የጎበጠው እርስዎ ከአገር ከወጡ ወዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስፌቱ ነው ያጎበጠው ሲል እኛም እንዲሁ እያልን ዓመታት አለፉ። ታካሚ ብዬ የጻፍኩልዎ ላለመዋሸትም ላለመናገርም ነበር።

አሁን ግን ወድቋል። ከትናንት በስቲያ ዝናቡ ሲያባራ የሱቁን ደረጃ ሲወርድ አዳለጠው። በግንባሩ ነው የተደፋው። ጎረቤቶች ተሸክመው አመጡት። ድንገተኛ ክፍል ስገባ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ እግሩን ይዞ ቃሬዛው ላይ ሊዘረጉት ይታገላሉ።

«ልቀቁት!» ብዬ ጮኽኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። «አንገቱን የተመታ ሰው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ቀጥ ብሎ መተኛት አለበት» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ለሌላው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው።

«አባቴ ነው» አልኩት። «አንገቱ ከድሮም እንዲህ ነው። ለእሱ ቀጥ ማለት መሰበር ነው። ያለፈውን ፊልም ላምጣልህ።»

ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። ብዙም አላመነታም። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና፣ «እኔ ጭንቅላቱን እይዛለሁ፤ አንቺ ከሥሩ ሙዪ» አለኝ። ከዎርዱ ያገኘነውን ትራስ ሁሉ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ሹራብ ሳይቀር ከራሱና ከጀርባው ሥር ደረደርን፤ ጉብጠቱን እንዳለ ተሸከምነው። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ልጄ፣ እንደ ጨርቅ እንዳትተኩሺኝ» አለ። ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ።

ከቃሬዛው ሳናወርደው፣ ማሽኑን ከጎን አዙሬ ነው ያነሳሁት። ሐኪሙ ሽርጥ ለብሶ ጭንቅላቱን እንደያዘ ቆየ። የመጀመሪያው ፊልም ላይ ምንም አላየሁም። ደስ አለኝ፣ አጎቴ። «ደህና ነው!» አልኩ። ሐኪሙ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ታች ያሉት አልታዩም። ድገሚው» አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ማየት የፈለግሁትን ብቻ ነው ያየሁት። ክንዱን ልናነሳ ፈራን። የጻፉልኝ ትዝ አለኝ፤ እሱ ራሱ አንዱን ትከሻ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ እንዲያደርግ ጠየቅነው፤ የቻለውን ያህል አደረገ። ጨረሩን ጠንከር አደረግሁት።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልሙን ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ነክሬ ምስሉን ጠበቅሁ። ወጣ። ከአንገቱ ግርጌ፣ አጥንቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቀጭን ክር ተሰንጥቋል። ቀና አድርገነው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በዚያው ቅርጹ እንዳለ፣ በትራስ ተከቦ፣ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሊሄድ ነው። እግሩን ያንቀሳቅሳል። ግራ እጁ ግን አይሰማውም ይላል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በሥራ ስልክዎ ደጋግሜ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት፣ «እሱ እዚህ ክፍል መሥራት ካቆመ ቆየ» አለችኝ። የት ነው ያሉት?

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 15

ልጄ፣

ሰላምታውን አልቻልኩበትም፤ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ ሱቁ ደወልኩ፤ ማንም አያነሳም። ሆስፒታሉንም ሞከርኩ፤ መስመሩ ይቋረጣል። ክፍሌ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ታች ያለችው ጎረቤቴ ጣሪያዋን አንኳኳች።

የካልሲውን ነገር ከብዙ ታካሚ የሰማሁት አይደለም። የኔው ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቃል በቃል ስለራሴ የጻፍሽ መሰለኝ። በሽታው በዘር ሊሄድ እንደሚችል ደግሞ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠረጠርኩ፤ ግን ብጠይቅሽ አንቺም እንዳትጠይቂኝ ፈራሁ።

የማሽኑን ራስ ወደ ላይ መግፋት ካቃተኝ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቢሮ አስቀምጠውኛል፤ ወረቀት አገላብጣለሁ፣ ለጀማሪዎች አስተምራለሁ። ወንድም ጋሼ እንዳይሰማ ነው የደበቅሁት። እሱም ከኔ ደበቀ። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስንጠነቀቅ አንቺን መሀል ላይ አንጠለጠልንሽ።

ሐኪሜ ሙሉ የጀርባና የአንገት ራጅ ካልተነሳህ መድኃኒቱን አላስጀምርህም ካለኝ ሰነበተ። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። የስንቱን አጥንት ያየሁ ሰው የራሴን ማየት ፈራሁ፤ ለማን ይነገራል?

አሁን ይህን ተዪው። ወንድሜ እንዴት ነው? እጁስ? መልሺልኝ፤ አንድ መስመርም ትበቃለች።

አጎትሽ


ሚያዝያ 5

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፣

በሰላም ያገናኘን። አባዬ አለ። ጭንቅላቱን ዙሪያውን ይዞ ከትከሻው ጋር የሚያቆራኝ ብረት አጥልቀውለታል። አንገቱን በነበረበት ቅርጽ ነው የያዙት፤ ሊያቃኑት አልሞከሩም። ግራ እጁ ላይ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ስሜት እየተመለሰ ነው። ትናንት የአንሶላውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ይሄን ጠርዝ የጠቀመው ተማሪ ነው» አለ። እማዬ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የእርስዎን ነገር ነገርኩት። መሐላዬን ካፈረስኩ ምን ቀረኝ ብዬ ነው። ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ ጻፊ አለኝ፤ እንዳለው እነሆ፦

«ትንሹ። የሆንከውን ሰማሁ። እኔን በልጄ እጅ አስነስተህ፣ አንተ ተደብቀህ መቅረትህ ነው? ታላቅህ ነኝ፤ አዝዤሃለሁ፤ ሂድና ተነሳ። ብረት ራሴ ላይ ጭነው ያስቀመጡኝ ሰው ነኝ፤ አንድ ፎቶ አይገድልህም። ልብስ ሳልለካ ሰፍቼ አላውቅም። ሳይለኩህ ምን እንዲሰፉልህ ነው የምትጠብቀው?»

እኔ የምጨምረው የለኝም። ይሂዱ፣ አጎቴ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 11

ይድረስ ለቅብጥብጧ፣

ጤናና ብርታት ከናንተ አይራቅ። ትዕዛዙን ፈጸምኩ።

ያነሳችኝ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ስልኩንም ያነሳችልሽ እሷው ነበረች። ገና ሳልቀመጥ፣ «ካሴቱን ትንሽ ወደ ግራ... ማሽኑን ዝቅ...» ማለት ጀመርኩ። ወገቧን ይዛ ቆመችና፣ «ዛሬ ታካሚ ነህ፤ ታካሚ ደግሞ የሚተነፍሰው ተንፍስ ሲባል ነው» አለችኝ። አፌን ዘጋሁ። ራጅ አንሺ ከሚከለልበት መስታወት በዚህ በኩል ስቀመጥ ክፍሉ ሌላ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ይቀዘቅዛል። የማሽኑ ድምፅ ያስፈራል። ስንቱን ሰው፣ «ምንም አይደለም» እያልኩ እዚያ እንዳስቀመጥኩ አሰብኩ።

ፊልሙን አብረን አየነው። ወገቤ ተጣብቋል። ደረቴም እየተከተለ ነው። አንገቴ ግን ገና ነው። መሀሉ ክፍት ነው፤ ቢደርቅም አልተጣበቀም። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፤ በየቀኑ የሚያሠሩኝ እንቅስቃሴ አለ፤ እንደ ሕፃን ግድግዳ ላይ እጄን ሽቅብ ያስድሁኛል።

ፈቃድ ወስጃለሁ። ብረቱን እንዳወለቁለት እመጣለሁ።

አጎትሽ


ነሐሴ 19

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ወደዚህ በሰላም ተመልሼ ገባሁ። መንገዱ አደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ። ቤቱ ግን አልሞቅ አለኝ፤ ሻንጣዬንም እስካሁን አልፈታሁትም።

እኔና አባትሽ ስንገናኝ አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። እናትሽ የነገረችሽ ደግሞ ግማሹ የራሷ ነው፤ ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልጮኸም። የሆነውን ከኔ ስሚ።

በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ደጃፉ ላይ ቆምን። እሱ ቁልቁል ጫማዬን ያያል፤ እኔ ደረቱን አያለሁ። ልንሳሳም ብንል ግንባር ለግንባር ተጋጨን። «ጫማህ ጥሩ ነው» አለኝ። «ያንተም ሸሚዝ» አልኩት። ገባን። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ጭራሽ ባሰ፤ አንዳችንም ወደ ሌላው መዞር አንችልም። እሱ ወለሉን፣ እኔ ግድግዳውን እያየን አወራን። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፤ ስለ እጁ ጠየቅሁት። ድምፁ ድምፁ ነው፣ ግን ከሬዲዮ የሚመጣ ይመስል ነበር። እስከ መቼ እንዲህ እንቀመጣለን ብዬ መቁነጥነጥ ጀመርኩ።

በመጨረሻ ተነስቼ ምንጣፉ ላይ፣ እግሩ ሥር፣ በጀርባዬ ተጋደምኩ። «ምን ሆንክ?» ብሎ ደነገጠ። «ምንም» አልኩት። አንድ ጥቅል ጨርቅ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ፤ ከራሴ ሥር አስገባሁት። እሱ ከሶፋው ተነስቶ፣ ወንበር ሳብ አድርጎ ከራስጌዬ ተቀመጠ። ያኔ ፊቱ በቀጥታ ከፊቴ በላይ ሆነ።

አየኝ። አየሁት። ቅንድቡ ሸብቷል። ብረቱ የነበረበት ግንባሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ። ከዚያ እንባው መጣ፤ ያው ወደ ታች ነው የሚያየውና፣ ጉንጩን ሳይነካ እኔ ፊት ላይ ወደቀ። አልጠረግሁትም።

«ተነስ እንግዲህ፣ ወለሉ ይበርድሃል» አለኝ።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት። «ገና አላየሁህም።»

አጎትሽ